አርባ ቀን ዝም ያልኩበት መመሪያ

ፍርሃት መጀመሪያ የያዘኝ ጸሐፊው «ቤተሰብ ማለት» ብሎ ሲያነብ ነው። ከዚያ በፊት ያለውን በግማሽ ጆሮዬ ነበር የምሰማው። ቀኑ እሑድ ነው፤ ከሌሊት ሺፍት ወጥቼ ሳልተኛ ነው የመጣሁት። የእድራችን ስብሰባ የሚደረግበት አዳራሽ ደግሞ ሙቀቱ እንቅልፍ ይጠራል። ጸሐፊው ወረቀቱን ወደ ዓይኑ ጠጋ አድርጎ ቀጠለ።

«ቤተሰብ ማለት የአባሉ ባል ወይም ሚስት፣ ከአብራኩ የተወለዱ ልጆች፣ እናትና አባቱ፣ እንዲሁም የሥጋ ወንድምና እህቶቹ ናቸው። ዝምድናውም በሰነድ ይረጋገጣል።»

እንቅልፌ ብን ብሎ ጠፋ። ዓይኔ ሳላዘው ወደ አዳራሹ ወጥ ቤት ሄደ። እህቴ እዚያ ቆማ ለተሰብሳቢው ሻይ ትቀዳ ነበር።

እህቴ የምላት እኔ ነኝ እንጂ አንድ ማሕፀን አላወጣንም። ሁለታችንም የወሎ ልጆች ነን፤ የተገናኘነው ግን ሱዳን፣ ስደተኛ ካምፕ ውስጥ ነው። አንድ ድንኳን ሰጡን። የልጆቼ አባት እዚያው ሲሞትብኝ አጠገቤ የነበረችው እሷ ናት። ሦስተኛው ልጄ የተወለደውም በእሷ እጅ ላይ ነው። አሜሪካ ስንገባ ክላርክስተን የምትባል ከተማ አንድ አፓርትመንት ውስጥ ኖርን። እኔ ሌሊት መሀል ከተማ የመኪና ማቆሚያ ቤት ውስጥ ቁጭ ብዬ ቲኬት ስቆርጥ፣ ልጆቼን አብልታ፣ አጥባ፣ አስተኝታ ያሳደገችው እሷ ናት። እድሩ ሲቋቋም በእኔ ቤተሰብ ሥር «እህቴ» ብዬ አስመዘገብኳት። ሁሉም ያውቃል። ማንም አልጠየቀም። ወረቀት ላይ ግን የእኔና የእሷ አባት ለየቅል ናቸው።

በዚያ ሰሞን ደግሞ ሆዷ ውስጥ ዕጢ ተገኝቶባት ነበር። ሐኪሙ መውጣት አለበት ብሎ ቀጠሮ እንጠብቅ ነበር።

መመሪያው ለምን እንዳስፈራኝ ለመናገር ስለ ካርቶኑ ማንሳት አለብኝ። እድሩ ከመቋቋሙ በፊት ብቻውን የሚኖር አንድ የእኛ ሰው ሞቶ ነበር። ዘመድ የለውም። ፎቶውን ካርቶን ላይ ለጥፈን፣ በየሱቁና በየምግብ ቤቱ ደጃፍ ቆመን «ለቀብሩ» እያልን ለመንን። እህቴ ያን ቀን ካርቶኑን ይዛ ውላ ማታ እግሯን እያሸች «እኔን እንዲህ እንዳታደርጉኝ። ካርቶን ላይ ተለጥፌ እንዳልቀበር» አለችኝ። እድር ይቋቋም ሲባል በየቤቱ እየዞረች ሰው የቀሰቀሰችው ለዚህ ነው። ሥጋ ዘመድ ለሌለው ሰው እድር ማለት ሲታመም ተራ ገብቶ የሚጠይቀው፣ ሲሞት የሚያለቅስለት ነው።

ጸሐፊው ጨረሰ። «ይህ መመሪያ ለአባላት ተነቧል። ተቃውሞ ካልቀረበበት በአርባኛው ቀን ይጸናል።» ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። እጄ ከሰዉ እጅ ጋር አብሮ ሄደ፤ እስከ ዛሬ ያንን እጅ ሳየው ያሳፍረኛል።

እህቴ ትሪውን ይዛ መጣች። «ጭብጨባው የምን ነው?»

«ምንም። የምዝገባ ነገር ነው።»

«አንቺማ ተኝተሽ ነበር። አፍሽ ተከፍቶ አይቼሻለሁ፤ ሻይ ልጨምርበት ነበር» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ።

ከስብሰባ በኋላ ሁልጊዜ ወደ ቤታቸው የማደርሳቸው አንድ አዛውንት ነበሩ። መኪና አይነዱም፤ የሚኖሩትም ከእኛ ሕንፃ አጠገብ ነው። በወጣትነታቸው ለንደን ሕግ ተምረዋል። የእድሩን መተዳደሪያ ደንብ የጻፉት እሳቸው ናቸው። ንግግራቸውን ሁሉ «እኛ ለንደን ሳለን» ብለው ስለሚጀምሩ ወጣቶቹ እሳቸው በሌሉበት «ለንደን» ይሏቸዋል። እኔ አባባ ነው የምላቸው። እህቴ ያን ቀን ወጥ ቤቱን ለማጽዳት ስለቀረች መኪናው ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን።

«አባባ፣ ኮሚቴው እንዲህ ያለ ነገር መጻፍ ይችላል?» አልኳቸው።

«እጅሽን አውጥተሽ አልሰጠሻቸውም እንዴ?»

እውነት ነው። በፊተኛው ጉባኤ ሊቀመንበሩ «የምዝገባውን ዝርዝር ኮሚቴው በመመሪያ ይወስን» ሲል ሁላችንም እጃችንን አውጥተናል። እኔ ምን እንደሰጠሁ አላወቅኩም። ሊቀመንበሩ ትልቅ ሰው ነው፤ ትልቅ ሰው ሲጠይቅ እጅ ይወጣል። መሠረተ ትምህርት ላይ ፊደል ቆጥሬ ነው ያቆምኩት። ወረቀት ነገር ሲመጣ ከሚያውቅ ሰው ጋር እጄን ማውጣት ለምጃለሁ።

«እኛ ለንደን ሳለን» አሉ አባባ፣ ቀበቷቸውን እያሰሩ። «ፓርላማው ሁሉን ነገር ራሱ አይጽፍም። ጊዜም የለው፣ ዕውቀቱም የለው። ስለ መድኃኒቱ፣ ስለ ወደቡ፣ ስለ ትምህርት ቤቱ ዋናውን ሕግ ያወጣና ዝርዝሩን ሚኒስትሩ ይጻፈው ይላል። በዓመት የሚወጣውን ብትቆጥሪው ሚኒስትሮቹ የሚጽፉት ፓርላማው ከሚጽፈው ይበዛል።»

«ታዲያ ሚኒስትሩ የፈለገውን ቢጽፍስ?»

«እሱ ነው ጥያቄው! ጎበዝ። የጻፈውን አምጥቶ ፓርላማው ፊት ያኖረዋል። አንዳንዱ እሺ ተብሎ እጅ ካልወጣለት አይሠራም። ብዙው ግን ዝም ከተባለ ያልፋል። በአርባ ቀን ውስጥ አንዱ ተነስቶ ይሻር ብሎ ካላስወሰነ አለቀ። እኔ ለእድራችን የወሰድኩት ይህንን ነው። ደግሞ አሻሻልኩት፤ እነሱ ዘንድ ብዙውን ጊዜ አርባው ቀን ሳያልቅ ይሠራል፣ እኛ ግን እስኪያልቅ እንዲጠብቅ አደረግኩ። አርባ ቀን ለሐበሻም አይከብደውም አልኩ።»

«ከእኛ ማን ይነሳል?»

«ማንም አባል። አንድ ሰው ቢያመለክት ጉባኤ ይጠራል።» ቀና ብለው አዩኝ። «ምነው፣ የምትቃወሚው አለሽ?»

መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ከኋላ ጥሩንባ ተነፋብኝ። «ኧረ የለም፣ እንዲያው ነው» አልኩ።

ይህንን የምናገረው በዚያች «እንዲያው ነው» ምክንያት ነው። መንገዱ ተነግሮኛል። በሩ የት እንዳለ አሳይተውኛል። ግን ሊቀመንበሩ ማለት አገሩ ስንገባ አውሮፕላን ጣቢያ የተቀበለን ሰው ነው። አፓርትመንቱን በስሙ ፈርሞ ያስገባን፣ ትንሹ ልጄ ትኩሳት ጠንቶበት የተንቀጠቀጠ ቀን በታክሲው ሆስፒታል ያደረሰልኝ ሰው ነው። መመሪያውንም በክፋት አላወጣውም። አንድ አባል አገር ቤት ያሉ ዘጠኝ ዘመዶቹን «ቤተሰቤ» ብሎ አስመዝግቦ እድሩን ሊያናጋው ነበር። ሊቀመንበሩን ተነስቼ «ጋሼ፣ ተሳስተዋል» ልበለው? ይሉኝታ ያዘኝ። ሌላ ሰው ይነሳል አልኩ። ሌላውም ሰው እንዲሁ ሳይል አልቀረም።

ለእህቴም አልነገርኳትም። ሕመሟ ይበቃታል ብዬ ራሴን አታለልኩ። እውነቱ ግን ከነገርኳት «ታዲያ ተነሺና ተናገሪያ!» እንደምትለኝ ስለማውቅ ነው። ከሥራ ስመለስ በር ከፍታ «ቁርስሽ ምድጃው ላይ አለ» ስትለኝ ፊቷን ማየት አቃተኝ። ልጆቹን ወደ ትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትሸኝ በመስኮት አያታለሁ፤ አንድ እጇ የልጄን ቦርሳ ይይዛል፣ አንዱ ሆዷን ይደግፋል። ለብቻዋ አባል ትሁን እንዳልል፣ አዲስ አባል እድሩ የሚቆምለት ዓመት ከቆየ በኋላ ነው። አርባው ቀን ሄደ። በመጨረሻው ቀን ስልኩን አንስቼ አስቀመጥኩት። ልጄ «ማሚ፣ ማን ጋ ነው?» አለችኝ። «ቁጥር ተሳስቼ ነው» አልኳት።

ከዚያ ዕጢው የሚወጣበት የሰርጀሪ ቀን ተቆረጠ። ደስ ብሏት፣ የጠያቂ ተራ እንዲያወጣላት ራሷ ወደ ጸሐፊው ሄደች። አገር ቤት በለመደችው ነው፤ ታማሚ ቀኑን ያስታውቃል፣ እድርተኛው ተራ ይገባል። እኔ ተኝቼ ነበር። በሩ ሲከፈት ነቃሁ። ኮቷን ሳታወልቅ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«አንቺ አሁን የለሽበትም አለኝ» አለች። «በትሕትና ነው የነገረኝ፣ ምስኪን። ውሃ ሁሉ ሰጠኝ። ‹እህትሽ አልነገረችሽም እንዴ? ተነቦ እኮ ነበር› አለኝ።»

ብርድ ልብሱን ገፍፌ ተቀመጥኩ።

«ሻይ ስቀዳ ነው የተነበበው?»

«አዎ።»

«ስትጨበጭቢ?»

«አዎ።»

ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ጫማዋን አወለቀች፣ ጎን ለጎን አስቀመጠችው። «እንግዲህ ካርቶኑን ሰፋ ያለ ፈልጊ» አለችኝ። «ፎቶዬን ደግሞ ያንን ሠርግ ቤት የተነሳሁትን አድርጊው። በመታወቂያው ላይ ያለው ሌባ ያስመስለኛል።» ቀልዳ ነው። ግን አልሳቀችም። እኔ ትራሱን ፊቴ ላይ አድርጌ አለቀስኩ። ትራሱን ወሰደችብኝ። «ለቅሶሽን አሁን አትጨርሺው፤ የሚያለቅስልኝ አንቺ ብቻ ነሽ» አለች።

በቤት ቀሚሴ ላይ ጃኬት ደርቤ አባባ ቤት ሄድኩ። ሁሉን ነገር ነገርኳቸው፤ የዚያን ቀን መኪና ውስጥ የዋሸኋቸውን ጭምር። ሲሰሙኝ ቆዩና በእጃቸው ጉልበታቸውን መቱ።

«ጥፋቱ የኔም ነው» አሉ። «የለንደንን አርባ ቀን አመጣሁ። እዚያ ተቃዋሚው ደመወዝ ተከፍሎት ነው የሚጮኸው። እኛ ዘንድ ግን ሰው ትልቅ ሰው ላይ ተነስቶ አይናገርም። ይህንን ሳላስብ ነው የጻፍኩት።»

«አሁን አለቀ፣ አባባ?»

«አንድ በር ቀርቷል። ልጅሽ መኪናሽን ይነዳል?»

«ትልቁ ይነዳል።»

«ሥራ ሂድበት ብለሽ ቁልፍ ሰጠሽው እንበል። እሱ ፍሎሪዳ ሄደበት። ቁልፉን ስለሰጠሽው ፈቅደሻል ማለት ነው?»

«ጆሮውን ነው የምቆርጠው!»

«አንቺ ቤት ውስጥ ዝም ብለሽ ስለተቀመጥሽስ?»

«የት እንደሄደ ባውቅም ባላውቅም ፍሎሪዳ ሂድ አላልኩትም።»

«ይኸው ነው። ለንደንም እንዲሁ ነው። ሚኒስትሩ ከተሰጠው ሥልጣን አልፎ ከጻፈ፣ ፓርላማው ሁሉ ዝም ቢል እንኳ፣ አንድ የተጎዳ ሰው ፍርድ ቤት ይሄዳል። ዳኛው መመሪያው ጥሩ ነው መጥፎ ነው አይልም። ይህንን የመጻፍ ሥልጣን ተሰጥቶሃል ወይ ነው የሚለው። ካልተሰጠው ይጥለዋል። በእኛ ደንብ ደግሞ ሦስት የእድር ዳኞች አሉ። ሰው ሲጣላ እንዲያስታርቁ ብቻ የተመረጡ ይመስላችኋል፤ ይህም ሥራቸው ነው።»

ደንቡ የሌለው አባል የለም፤ እያንዳንዳችን ቤት አንድ አንድ ቅጂ ተሰጥቷል፣ አንብበነው አናውቅም እንጂ። አባባ ምን እንዳለ በቃል ነገሩኝ። ቤተሰብ ማን እንደሆነ ደንቡ ራሱ ወስኖታል፤ ከአባሉ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖርና አባሉ ቤተሰቤ ብሎ ያስመዘገበው ሁሉ ነው። ጉባኤው ለኮሚቴው የሰጠው የምዝገባውን አሠራር ብቻ ነው፤ ማን ይመዘግባል፣ መቼ፣ በምን ማስረጃ።

«እርስዎ ይናገሩልኝ» አልኩ።

«ደንቡን የጻፍኩት እኔ፣ ተከራካሪውም እኔ? አያምርም። ደግሞ የተጎዳው ሰው ነው የሚናገረው። አንቺ ነሽ።»

ዳኞቹ በሚቀጥለው እሑድ እዚያው አዳራሽ ተቀመጡ፤ ሁለት ወንዶችና አንዲት ጠና ያሉ ሴት፣ ማሪዬታ ከተማ የሚኖሩ። አባላትም መጥተው ነበር። ከቤት ስንወጣ እህቴ ነጠላዬን አስተካክላ አለበሰችኝና «እንዳታጨበጭቢ» አለችኝ። ወጥ ቤት አልገባችም ያን ቀን። ፊት ለፊት፣ መጀመሪያው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

ሊቀመንበሩ ቀድሞ ተናገረ። «በድብቅ የሠራነው የለም። አነበብን፣ አርባ ቀን ጠበቅን፣ አንድ ሰው አልተቃወመም። አሁን ተነስቶ ይፍረስ ማለት እድሩን መጫወቻ ማድረግ ነው።» ሰዉ ራሱን ነቀነቀ። ልክ ነው፤ እኔም ብሆን እነቀንቅ ነበር።

ተነሳሁ። የወንበሩን ጀርባ ያዝኩ።

«ጋሼ እውነታቸውን ነው» አልኩ። «ሲነበብ ነበርኩ። አጨብጭቤያለሁ። አርባውን ቀንም አፈርኩና ዝም አልኩ። ይህ የኔ ጥፋት ነው፣ እህቴን በድያታለሁ። ግን ያን ጊዜ እጄን ሳወጣ የሰጠኋችሁ እንዴት እንደምትመዘግቡ ነው። እህቴ ማን እንደሆነች እናንተ ወስኑልኝ አላልኩም። ለልጄ ሥራ ሂድ ብዬ ቁልፍ ብሰጠው ፍሎሪዳ አይሄድበትም። ዝም ያልኩት ፈርቼ ነው፤ ፈርቼ ዝም ስላልኩ ያልሰጠኋችሁን አገኛችሁ ማለት ነው?»

«ፍሎሪዳ ደግሞ ከየት መጣ?» አለ አንዱ ከኋላ። ሳቅ ሆነ። ዳኛዋ እጃቸውን አነሱ።

«እንደሷ የፈራ ሌላ ሰው አለ?» አሉ፣ ወደ ሰዉ ዞረው።

አንዲት ሴት ከጥግ «አብራን የምትኖረው የባሌ አክስት ናት» አለች። አንድ ሽማግሌ «ያሳደግኩት ልጅ አለኝ፣ የወንድሜም አይደለም፣ የጎረቤት ነው» አሉ። ሌላም ተናገረ። ሁሉም በየቤቱ አርባ ቀን ይዞት የቆየው ነገር ነበረው። ሊቀመንበሩ ወለሉን ያይ ነበር።

ዳኞቹ ወጥተው ተነጋግረው ተመለሱ። መመሪያው እንዳለ አልፈረሰም። ማስረጃ ይቅረብ የሚለው ይጽና ተባለ፤ አብሮ ስለመኖሩ አባሉ ፈርሞ ምስክር ያቅርብ፣ ይህ ለኮሚቴው የተሰጠ ሥራ ነው። አገር ቤት የሚኖሩት ዘጠኝ ዘመዶችም በደንቡ በአንድ ጣሪያ ሥር ስላልሆኑ አይገቡም። ቤተሰብ ማነው የሚለው ግን ኮሚቴው ያልተሰጠውን የጻፈው ስለሆነ ከመጀመሪያውም እንዳልተጻፈ ይቆጠር። ማሻሻል ከፈለገ ለጉባኤው ያቅርብ፣ ያን ጊዜ ግን በዝምታ አያልፍም፤ እጅ ተቆጥሮ ነው።

ፓርኪንጉ ላይ ሊቀመንበሩ ተከትሎኝ መጣ። «ለምን መጀመሪያ ለእኔ አልነገርሽኝም?»

«አፈርኩ፣ ጋሼ።»

«ከእኔ?»

«ከእርስዎማ ነው የሚታፈረው። ልጄን ያደረሱልኝ እርስዎ።»

ፊቱን በመዳፉ አበሰ። «እሷን እኮ አላሰብኳትም። ያንን ዘጠኝ ዘመድ ያስመዘገበውን ሰውዬ ብቻ ነው ያሰብኩት።» ከዚያ መኪናዬን ከፍቶ እህቴን ሲያስገባት «ሰርጀሪው መቼ ነው? የጠያቂ ተራውን እኔ አወጣለሁ» አላት። «እርስዎ የመጀመሪያውን ይያዙ፣ ቅጣትዎ ነው» አለችው።

ያዘውም። የሰርጀሪዋ ቀን ጠዋት ሆስፒታሉ መጠበቂያ ክፍል ስገባ ሊቀመንበሩ ታክሲውን አቁሞ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። አባባ ደግሞ አጠገቡ ተቀምጠው ስለ ለንደን ሐኪሞች ይነግሩታል። ምስኪኑ ሊቀመንበር ራሱን እየነቀነቀ ይሰማል። ከዚያ አንድ በአንድ ሰው መጣ፤ ነርሷ እስክትደነግጥና «ይህ ሁሉ ቤተሰብ ነው?» እስክትል። ልጄ ተርጉማ ስትነግረን ሁላችንም «አዎ» አልን።

ዕጢው ወጣ፤ ክፉ አይደለም አሉን። ስትነቃ አፏ ደርቆ መናገር ተቸግራ ነበር። ጎንበስ ብዬ ጆሮዬን አስጠጋሁ። «ካርቶኑን ጣይው» አለች።

እኔ አሁንም ያን እጄን አልረሳሁትም። ስብሰባ ላይ እጅ ይውጣ ሲባል ልጄን ምን እየሰጠን እንደሆነ እጠይቃታለሁ፤ ሰዉ ይስቅብኛል፣ ይሳቅ። እህቴ ይቅር ብያለሁ ብላለች፤ እኔ ራሴን ገና ነኝ። የፈራሁት ግን አለፈ። ከሆስፒታል ወጥታ ቤት ስንገባ ልጆቹን አስገብቼ፣ እሷን አልጋዋ ላይ አጋድሜ፣ በሩን ዘጋሁና ጮክ ብዬ ለራሴ አልኩት። ደርሰናል። ስሟ እድሩ ውስጥ አለ፣ እሷም በሕይወት አለች፣ ደህና ነን።